የቧንቧው ዕዳ

«ጋዝ» የሚለው ቃል እኛን ያህል ያምታታው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጋዝ ማለት ላምባ ነበር፤ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው፣ ከሱቅ በጠርሙስ የሚገዛው፣ እጅ ከነካ ሽታው በሳሙናም አልለቅ የሚለው። ኑሮ ሻል ሲል ቡታጋዝ መጣ፤ እሱም ሲያልቅ ባዶውን ሲሊንደር ተሸክሞ «የት ገብቷል?» እያሉ መዞር አለበት። አሜሪካ ስንመጣ ደግሞ ጋዝ ቤንዚን ሆኖ ጠበቀን። «ጋዝ ልቅዳ» ያለ ሰው መኪናውን ይዞ ወደ ማደያ ይሄዳል እንጂ ኩራዝ አይፈልግም።

አራተኛው ጋዝ ግን ከሁሉም ዝምተኛው ነው። ከመሬት ሥር በቧንቧ ይመጣል፣ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል፣ ምድጃው ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ይወጣል። አይታይም። ሽታ እንኳ የራሱ የለውም፤ ቢያመልጥ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረለት ሽታ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ይሉታል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለሱ ነው።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን ጫፍ ያለችው የሜሪላንድ ከተማ፣ ወገኖቻችን በሚያዘወትሩት አንድ ቡና ቤት ውስጥ «ሰማችሁ? ጋዝ ሊከለከል ነው እኮ!» የሚል ወሬ ሲነሳ የሆነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ባለ ታክሲው «ታዲያ በምን ልንሠራ ነው?» አለ። ባለ ምግብ ቤቱም «በምን ልንሠራ ነው?» አለ። ሁለቱም መንግሥትን አንድ ሰዓት ሙሉ አብረው አሙ። አንዱ ያወራው ስለ መኪናው፣ ሌላው ስለ ድስቱ እንደሆነ ሳይተዋወቁ ተስማምተው ተለያዩ። አብዛኛው የጋዝ ክርክር እንዲህ ነው። ሰው የሚከራከረው በልቡ ስላለው ጋዝ እንጂ ሕጉ ስለሚለው ጋዝ አይደለም።

ሕጉ የሚለውን እንይ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለችው የበርክሌይ ከተማ አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ የጋዝ ቧንቧ እንዳይገባ በመከልከል በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። ብዙ ከተሞች ተከተሏት። በ2022 ዋሽንግተን ዲሲ ለአዳዲስና በከፍተኛ ደረጃ ለሚታደሱ ትልልቅ ሕንፃዎች ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻ እኔ የምኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት አዲስ የሚሠሩ ሕንፃዎች ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ እንዲሆኑ የሚያዝ ሕግ አጸደቀ፤ የአሠራር ደረጃውም እስከ 2026 መጨረሻ እንዲወጣ ቀን ቆረጠ። በ2023 ደግሞ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሰባት ፎቅና ከዚያ በታች ለሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ከ2026 የሚጀምር፣ ለትልልቆቹ ከ2029 የሚጀምር ክልከላ በሕግ ደነገገ።

ልብ በሉ፤ «አዲስ» የምትለው ቃል በየቦታው አለች። ማንም የማንንም ምድጃ ሊነቅል ቤት አይገባም። ግን ወሬ «አዲስ» የምትለዋን ቃል መንገድ ላይ ጥሏት ነው የሚደርሰው። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አንድ ኮሚሽነር ስለ ጋዝ ምድጃ ተጠይቀው ማንኛውም አማራጭ ክፍት ነው የሚል መልስ ሰጡ። አገር ተናወጠ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ወዲያው ወጥተው የመከልከል ሐሳብ የለኝም ቢሉም ማን ሰምቷቸው! ምድጃ በአንድ ሳምንት ውስጥ የፖለቲካ ባንዲራ ሆነ። አንዱ ወገን ነበልባሉን የነፃነት ምልክት አደረገው፣ ሌላው የጥፋት ምልክት አደረገው። ሽንኩርት ብቻ በመካከል አረረ።

የሚገርመው ደግሞ በተቃራኒው ያለው ክልከላ ነው። በ2020 አሪዞና ከተሞቿ ጋዝን እንዳይከለክሉ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ከ20 የሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች ተከትለዋታል። እንግዲህ አንዱ መንግሥት ጋዝን ይከለክላል፣ ሌላው መንግሥት መከልከልን ይከለክላል። ሁለቱም «ለሕዝቡ ስል ነው» ይላሉ። ፍርድ ቤቱም ሥራ አላጣም። የካሊፎርኒያ የምግብ ቤቶች ማኅበር በርክሌይን ከስሶ በ2023 ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የዕቃዎችን የኃይል አጠቃቀም የሚመለከተው የ1975ቱ የፌዴራል ሕግ ለከተማ ይህን ሥልጣን አይሰጥም ብሎ ፈረደ፤ ከተማዋም በ2024 ሕጉን ለማንሳት ተስማማች። በኦክቶበር 2024 ዲሲና የኛ ካውንቲም በጋዝ አከፋፋይ፣ በቤት ሠሪዎችና በምግብ ቤቶች ወገን ተከሰሱ። የኒው ዮርኩም ሕግ በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ ተፈጻሚነቱ ዘገየ።

የከልካዮቹ ምክንያት ተራ አይደለም። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሳይቃጠል ከቧንቧ ካመለጠ ደግሞ በ20 ዓመት ሲለካ፣ ክብደት ለክብደት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። ቤት ውስጥ ሲነድም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ያወጣል። በ2022 መጨረሻ የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ካለው የልጆች አስም 12.7 ከመቶ ያህሉን ከጋዝ ምድጃ ጋር አያይዞታል። ስሌቱን የሞገቱ ባለሙያዎች አሉ፤ መስኮት ሳይከፍቱ ነበልባል ላይ ማብሰል ለሳንባ ደግ ነው ያለ ግን የለም። በከሰል ጭስ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ለኔ ቅርብ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2016፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በሎንግ ብራንች ሰፈር፣ ፍላወር ብራንች በሚባለው የአፓርታማ ግቢ ጋዝ ፈነዳ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ እንደኛው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ምርመራውን ሲጨርስ፣ ምክንያቱ ቆጣሪ ክፍል ውስጥ የነበረ አሮጌ የሜርኩሪ ግፊት መቆጣጠሪያ መበላሸቱና ጋዙን ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረበት ቱቦ ሳይገናኝ መቅረቱ ነው አለ። ከአደጋው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ጋዝ ይሸታል ተብሎ ተደውሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው እንደነበርም ተመዝግቧል።

ይህን አደጋ ያነሳሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። የጋዝ አደጋ ያለው አሮጌው ሕንፃ ውስጥ፣ አሮጌው ቆጣሪ ክፍል ውስጥ፣ ተከራይ ዘንድ ነው። ክልከላው ያለው ደግሞ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕጉ የመድረሻውን ሰው ሊያድን ተነሳ እንጂ ያለውን ሰው ገና አልደረሰበትም።

ወደ ተቃዋሚዎቹ እንምጣ። የምግብ ቤት ባለቤቶች «ያለ ነበልባል ምግብ የለም» ይላሉ። ወገኖቻችንም ይህን ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንጀራው በምንድነው የሚጋገረው? እዚህ ያለ አበሻ እንጀራውን የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አዲስ አበባም ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ከተዋወቀች ብዙ ዘመኗ ነው። ከምግባችን ሁሉ አስቸጋሪውን፣ ዓይን ማውጣት የሚፈልገውን፣ ለኤሌክትሪክ አስረክበን ስናበቃ ለሽሮ ነበልባል ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ማለት ትንሽ ያስተዛዝባል።

ችግር የለም ግን አልልም። ኢንዳክሽን የሚሉት አዲሱ ምድጃ የሚያሞቀው ብረትን፣ ያውም ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው የአልሙኒየም ድስት እሱ ላይ በድን ነው። የሸክላ ጀበና እስከ ነገ ቢጣድ አይፈላም። አንዲት እህቴ አዲሱን ምድጃ አስገብታ ጀበናዋን ጥዳበት ብትጠብቅ ብትጠብቅ «ይሄ ነገር አበሻ ይጠላል እንዴ?» አለችኝ። ሕጉ ኢንዳክሽን ግዙ አይልም፤ ጀበናም የሚያፈላ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሞልቷል። ሆኖም ምድጃ ሲቀየር ድስትም አብሮ እንደሚቀየር፣ ድስቱን የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የተናገረ የለም። የለውጥ ወጪ ብዙውን ጊዜ እንዲህ በትንንሽ ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው።

ደግሞም ይህች አገር ጋዝን ስትገድብ የመጀመሪያዋ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በሰጠው ውሳኔ የፌዴራል መንግሥት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚሸጠውን ጋዝ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጀምሮ ዋጋውን እንዲቆጣጠር አደረገ። ዓላማው ሸማቹን መጠበቅ ነበር። ዋጋው ግን ዝቅ ብሎ ተይዞ ስለቆየ አምራቾቹ ቁጥጥር በሌለበት በየራሳቸው ክፍለ ግዛት ውስጥ መሸጥን መረጡ። ቴክሳስ ጋዝ ተትረፍርፎ ሳለ ኦሃዮ አጣች። በ1976 እና 1977 መካከል የነበረው ብርድ ሲጠና ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘጉ። ጂሚ ካርተር ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንታቸው፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1977፣ ሹራብ ለብሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ሕዝቡን «የቤታችሁን ሙቀት ቀንሱ» ብለው ለመኑ።

በ1978 ኮንግረሱ ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል የዋጋ ቁጥጥሩን ቀስ በቀስ ማንሳት ጀመረ። በሌላ በኩል አዳዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጋዝንና ዘይትን ዋና ማገዶ እንዳያደርጉ ከለከለ። በምን ይሥሩ? በድንጋይ ከሰል! ይህ ክልከላ በ1987 ተሻረ። ዛሬ ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ 40 ከመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከዚያው ከተከለከለው ጋዝ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ጋዙን ከቤቱ አስወጥቼ ተገላገልኩ ሲል ጋዙ ወደ ማመንጫው ተዛውሮ ከዚያ ሆኖ ያበስልለታል። እርግጥ ነው፣ የፀሐይና የነፋስ ኃይል በጨመረ ቁጥር ይህ ይቀየራል፤ የዕቅዱም ተስፋ ይኸው ነው። ግን በ40 ዓመት ውስጥ አንድ ነገር መጀመሪያ የሚቆጠብ፣ ቀጥሎ የሚወደስ፣ ከዚያ የሚወገዝ ከሆነ፣ ሕግ አውጪም ነጋዴም «እርግጠኛ ነኝ» ሲሉ ትንሽ ድምፃቸውን ቢቀንሱ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ለኔ የጋዝ ክርክር የነበልባልና የኢንዳክሽን ክርክር አይደለም። የቧንቧ ክርክር ነው።

የጋዝ ሒሳብ ሲመጣላችሁ ሁለት ነገር ነው የምትከፍሉት። አንዱ ያነደዳችሁት ጋዝ ነው። ሁለተኛው ጋዙን ያመጣላችሁ ቧንቧ፣ ጥገናው፣ ሠራተኛውና ባለሀብቱ ባወጣው ገንዘብ ላይ የተፈቀደለት ትርፍ ነው። የመጀመሪያው ብትቆጥቡ ይቀንሳል። ሁለተኛው ግን እናንተ ቆጠባችሁ ብሎ አይቀንስም። ቧንቧው መንገዱ ሥር ተቀብሯል፤ አንድ ቤት ቢጠቀምበትም መቶ ቤት ቢጠቀምበትም መጠገን አለበት። አሮጌ ከሆነ ደግሞ መቀየር አለበት፤ የቧንቧ ነገር በቸልታ ሲታለፍ ምን እንደሚያስከትል ሰፈራችን አይቶታል። ዛሬ የሚቀየረው ቧንቧ ዋጋው ተከፍሎ የሚያልቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንድ መንገድ ላይ 100 ቤት አለ እንበል። የቧንቧው ወጪ በዓመት 100,000 ዶላር ነው እንበል። እያንዳንዱ ቤት 1,000 ይደርሰዋል። 50ው ቤት ጋዝ አልፈልግም ብሎ ወጣ። ቧንቧው አልወጣም፤ እዚያው ነው። የቀሩት 50ዎቹ 2,000 ይደርሳቸዋል። ዋጋው ሲያሻቅብ የቻለ ሌላም ይወጣል፤ የቀረው ላይ ይጨመራል። ልክ እንደ ዕድር ነው። የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ወጪው ያው ነው፤ አባላቱ ሲለቁ መዋጮው የቀሩት ላይ ይከመራል። ልዩነቱ ከዕድር የሚለቅ ሰው ይወቀሳል፤ ከጋዝ ቧንቧ የሚለቅ ሰው ግን ይሸለማል።

ቀድሞ የሚወጣው ማነው? ቤቱ የራሱ የሆነ፣ ጣሪያው የራሱ የሆነ፣ ባንክ የሚያምነው ሰው ነው። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሂት ፓምፕ ላስገባ ባለቤት የወጪውን 30 ከመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር፣ ከግብሩ ያስቀንስለት ነበር። ይህ ቅናሽ በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቀርቷል። በነበረበት ጊዜም ቢሆን ትልቅ ግብር ለሌለበት ሰው ብዙም አይፈይድም ነበር። መጨረሻ የሚወጣውስ? ተከራዩ ነው። እሱ ቦይለሩን አልመረጠም፣ ምድጃውን አልመረጠም፣ ቧንቧውን አላስቀበረም። ቢፈልግ እንኳ መውጣት አይችልም። የቀድሞዎቹ ዕዳ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። እኔ የምኖርበት አሮጌ ሕንፃ ማሞቂያው ምድር ቤት ባለ አንድ ትልቅ የጋዝ ቦይለር ነው። ሒሳቡ በኪራዩ ውስጥ ነው። ካውንቲው በ2022 ትልልቅ ነባር ሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን እያሻሻሉ እንዲሄዱ የሚያስገድድ ሌላም ሕግ አውጥቷል። ባለፈው የብርድ ወራት የሕንፃው አስተዳደር ተከራዮችን ሰብስቦ፣ ቦይለሩ ተነስቶ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገባል፣ የኤሌክትሪኩንም ሒሳብ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ተከራይ ይከፍላል አለ። ኪራዩ ግን አይቀንስም።

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ሕንፃው ውስጥ ያለው አበሻ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ጡረታቸው ትንሽ ናት፣ ጉልበታቸውን ብርድ ይይዛቸዋል። ስብሰባው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ እያስተረጎምኩላቸው ነበር። ጠጋ አሉኝና፣

«ልጄ፣ የሚገባው ማሽን የማነው የሚሆነው?» አሉኝ።

«የባለቤቱ ነው እማማ።»

«ሒሳቡስ?»

«የእርስዎ ይሆናል።»

ትንሽ አሰብ አደረጉ። «እንዲህ በለኛ! እሱ ማሽኑን ወሰደ፣ ለኔ ወረቀቱን ሰጠኝ። ጥሩ ተካፍለናል» አሉ።

ይህን ስተረጉምላቸው ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹም ቬትናሞቹም ሳቁ። የአስተዳደሩ ተወካይ ግን አልሳቀም። «ሕጉ ነው፣ ምን እናድርግ» አለ። ቤቴ ገብቼ ሕጉን አነበብኩት። ሕንፃው የሚፈጀውን ኃይል እንዲቀንስ ይጠይቃል እንጂ ሒሳቡን ወደ ተከራይ አዙር የሚል ቃል የለበትም። አየሩን የማዳን ሕግ ሒሳብ ለማሻገሪያ ድልድይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ በ2025 በሜሪላንድ የኤሌክትሪክ ዋጋ ጨምሮ ብዙ ቤት ሲያማርር ነበር። እማማ በኛ ቋንቋ ቤታቸውን ለማሞቅ ሳይሆን ላለመሞቅ ሊቆጥቡ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ «አየህ! ክልከላው ነው ጥፋቱ!» የሚል ወዳጅ አይጠፋኝም። አይደለም። አሮጌውን ቦይለር እንዳለ ብንተወውም ከቧንቧው ዕዳ አናመልጥም፤ ቆይቶ ነው የሚመጣብን። ሌላው ወዳጄ ደግሞ «ለምድር ሲባል ትንሽ መስዋዕትነት የግድ ነው» ይለኛል። እሱም ልክ ነው፤ ግን መስዋዕቱን የሚያቀርበውና በጉ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም።

ምትክ ሳይዘጋጅ በር ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ከአገር ቤትም እናውቀዋለን። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ የላምባ ዋጋ ሰማይ ወጣ። የመንግሥት ካዝና ያንን ድጎማ መሸከም አቅቶት ነበር፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን እኔ በማውቃቸው ቤቶች የላምባ ምድጃዋ ወደ መደርደሪያ ወጥታ የከሰል ምድጃ ከጓዳ ተመለሰች። ኤሌክትሪክ ቢኖርም ይጠፋ ነበር፤ ሰው የሚተማመነው በከሰሉ ነው። አንዱን ጭስ ለመቀነስ ይሁን ገንዘብ ለመቆጠብ በር ሲዘጋ፣ ድሀ ያገኘውን በር ይከፍታል፤ ያ በር ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያጨሰው ነው።

በኦክቶበር 2025 በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅ ደግሞ ስልኬ አላርፍ አለ። ጋዙ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት «ላም አለኝ በሰማይ» ስንል የኖርንበት ነው። «እነሱ ሊዘጉት ሲነሱ እኛ ልንከፍተው ነው?» የሚል ጥያቄ ደረሰኝ። እኔ ነውር አይታየኝም። በእንጨትና በኩበት ጭስ ዓይኗ ለሚጠፋ እናት ጋዝ ዕድገት ነው፤ እዚህ ላለችው ደግሞ ከጋዝ ወደተሻለው መሄድ ዕድገት ነው። ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው፤ ያሉት በተለያየ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ቢታሰብ እላለሁ። አንድ ቀን ከተማችን ውስጥ ቧንቧ የሚቀበር ከሆነ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የመጨረሻውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ይጻፍ።

እዚህስ ምን ይደረግ? እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ መውጣቱ ቤት በቤት ሳይሆን መንገድ በመንገድ ቢሆን። አንድ መንገድ ሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ከተሸጋገረ ቧንቧው ይዘጋል፣ ወጪውም አብሮ ይሞታል። ቤት በቤት ከሆነ ግን ቧንቧው ለመጨረሻው ተከራይ ሲባል እንዳለ ይጠገናል። ሁለተኛ፣ ማሞቂያ የሚቀይር ባለቤት ሒሳቡን ወደ ተከራዩ የሚያዞር ከሆነ ሒሳቡን የሚያህለውን ከኪራዩ ይቀንስ። ሦስተኛ፣ ድጋፍ ካለ ለባለ ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ጣሪያ ለሌለውም ይድረስ፤ እንዲያውም ከአሮጌው ሕንፃ ይጀመር፤ የሚፈነዳው እሱ ነውና።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የካውንቲያችን ሕግ የንግድ ማእድ ቤቶችን ከክልከላው ነፃ አድርጓል። የምግብ ቤት ሰዎች አዲስ ሕንፃ ውስጥ ቢገቡም በነበልባል መሥራት ይችላሉ። ለምን? በማኅበር ተደራጅተው ስለጮኹ ነው። ቤት ሠሪዎቹም ይጮኻሉ፣ የጋዝ አከፋፋዩም ጠበቃ አለው፣ የአየር ንብረት ተቆርቋሪዎቹም ሰልፍ ይወጣሉ። ተከራዩ ግን በሁለተኛ ሥራው ላይ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ለአገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ይቀመጣል እንጂ፣ ክረምት ከበጋ የሚከፍለው ሒሳብ ስለሚወሰንበት የካውንቲ ስብሰባ ወሬውንም አይሰማ። ምክር ቤቱ ሕግ ከማውጣቱ በፊት የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ቀን አለው። ስም አስመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ መናገር ነው።

ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጡትም ይላል የአገራችን ሰው። እማማ ከእንግዲህ ወዲያ አያለቅሱም፤ ጨርሰዋል። ግን «እሱ ማሽኑን ወሰደ፣ ለኔ ወረቀቱን ሰጠኝ» ያሉት ከብዙ ባለሙያ ገለጻ ይልቅ ነገሩን ይናገራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር አለ፤ አስተርጓሚም ካስፈለገ ይፈለጋል፤ ካልተገኘም እኔ አለሁ።